ክላክስ የሌለው ማርቸዲስ

በደርግ ጊዜ ነው። ከደብረ ዘይት ወደ ናዝሬት በታክሲ ስሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮና አንድ ባለ ጋራዥ ስለ አሮጌ ማርቸዲስ ዋጋ ይከራከሩ ነበር።

«ስምንት ሺህ በዛ፣ እትዬ። ክሮሙ ዝጓል፣ የወንበሩ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ማሳደሻው ብቻ አራት ሺህ ይበላኛል።»

«ባለቤቴ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚይዘው።»

«ያስታውቃል። ግን ክላክሱ እንኳ አይሠራም፤ ሽቦው ተቆርጧል።»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«ምነው?»

«የሰፈር ልጆች እየገቡ ይጫወቱበታል። አማቴ ዓይናቸው አያይም። ክላክስ በሰሙ ቁጥር ‹ልጄ መጣ› ብለው በር ሊከፍቱ ይነሳሉ።»

«ልጃቸው የት ሄዶ ነው?»

«ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት። ባለፈው ስንቅ ይዤ ብሄድ ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አሉኝ።»

«እግዜር ያጽናዎት! እናትየው አልተረዱም?»

«ማን ደፍሮ ያርዳቸው?»



«በቃ፣ ባሉት ዋጋ እወስደዋለሁ። ነገ መጥቼ አስነስቼ እሄዳለሁ።»

«በስድስት ሺህ ይውሰዱት። ብቻ ሞተሩን እግቢ ውስጥ እንዳያስነሱት፤ ድምፁን ያውቁታል። እስከ አስፋልቱ ገፍታችሁ አውጡልኝ።»

ናዝሬት መግቢያ ላይ ሾፌራችን ክላክስ ሲያደርግ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።