የሚንቋቋው ብልቃጥ

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። የአፍ መፍቻዋ የበርታ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ»፣ «እሱ» ትላለች። ሌላዋ መምህርት ናት። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ከነፍሰ ጡሯ ፌስታል ክኒን ይንቋቋል።

«እህቴ፣» አለች መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቂበት። ድምፅ አይሰጥም።»

«አንተ እንዴት አወቀ?»

«እኔም እወስዳለሁ። ሁለት ልጆች ወልጄበታለሁ፤ ሁለቱም ቫይረሱ የለባቸውም።»

«አልሐምዱሊላህ። ጥጥ ግን ለምን?»

«ሰው እንዳይሰማ ነዋ። ወላጆች ቢያውቁ ልጆቻቸውን ከእኔ ክፍል ያስወጣሉ።»

«አንተ ተምሯል፤ እንዴት ይፈራል?»

«የተማረ ነው የሚፈራው። ባልሽ ያውቃል?»

«ያውቃል። ተመረመረ፣ እሱ የለበትም። አማት ያውቃል። መጀመሪያ እኔም ፈራሁ፣ ጎተራ ውስጥ ደበቅኩ። ደብቄ ረሳሁ፤ ሦስት ቀን አልዋጥኩም። አሁን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። አማት ቤት ሲጠርግ ይነካል፣ ቋ ቋ ይላል። ‹ዋጠ?› ብሎ ይጠይቃል።»

«ጎረቤትስ?»

«ጎረቤት ይስማ። ይሄ ሆድ ውስጥ ያለውም ይስማ። እናት መድኃኒት አልረሳም፣ ይወቅ።»

እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ከራሴ ብልቃጥ ውስጥ ጥጡን መዝዤ አወጣሁ።