የአዴ ጫልቱ እንሰት

ወንጪ ላይ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት የጠወለገ እንሰታቸውን አሳዩኝ። የተክል በሽታ ባለሙያ ነኝ፤ ያን ሰሞን ለየቤቱ ይህንኑ መርዶ ሳደርስ ከርሜ ዝዬ ነበር።

«ባክቴሪያ ነው» አልኳቸው። «እንደ መርፌ ባለ ነገር ፕሮቲን ወደ ተክሉ ሴል ይወጋል። ፕሮቲኑ የተክሉን መከላከያ ያደነዝዘዋል።»

«የሰው ዓይን አይደለም?»

«አይደለም።»

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም፤ ነቅሎ መቅበር ነው።»

ስለ እንሰቱ ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ዋቃዮ! አምላኬ! ዓይኗ ነው ብዬ ምራቴን አባረርኳት እኮ» አሉና ነጠላቸውን አንስተው ወደ ወላጆቿ ቤት ሄዱ።

እኔም የሚረዳቸው እንደሌለ ሳይ፣ በዚያ ድካሜ ጃኬቴን አውልቄ በዶማቸው መንቀል ጀመርኩ። አመሻሽ ላይ ሁለቱ አብረው መጡ። ምራትየዋ ዶማውን ከእጄ ተቀብላ ቁፋሮውን ቀጠለች።