ጠግቤያለሁ ያለው ጅብ

ጅብ የመኪና ቀበቶ አስሮ በሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሲያልፍ ያየ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ስሜ ስዩም ነው፤ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓሮ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ወሬ ታጋንናለህ ይሉኛል። ይበሉ። የዚያን ጅብ ራስ ግን አላጋነንኩትም፤ የወይፈን ራስ ያህላል፤ ጆሮዎቹ በመስኮት ወጥተው ከአውቶቡስ መስታወት ጋር ሊጋጩ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

እንደ አጋጣሚ ጋሼ ዳኜ አጠገቤ ቆመው ነበር። ጋሼ ዳኜ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። ልጃቸው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ስለምትሠራ የልጅ ልጃቸውን ሐሌታን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ጅቡ ወደ ግቢው ሲታጠፍ፣

"በስመ አብ! ምንድን ነው ይሄ ስዩም?" ብለው ከኋላዬ ተሸሸጉ።

"ጅብ ነው ጋሼ። ከአራዊት ማቆያው አምልጦ ነው አሉ። መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ድረስ ሰው እየነዳለት ነው።"

ከመኪናው የወረደችው ግን ዶርካስ ነበረች። ዶርካስ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ያደገች፣ ለፊልም ሠሪዎች ትልልቅ አሻንጉሊት እየሠራች የምትተዳደር ባለሙያ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ስቱዲዮዋን ዘግታ፣ ኮሪያታውን ሰፈር አጠገብ ወዳለ አንድ የድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ትሄድና ከልጆቹ ጋር ካርቶን ትቆርጣለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ቴአትር ታዘጋጃለች። ጅቡም ከልጆቹ ጋር የሠራችው አሻንጉሊት ነው። ሐሌታ የምትማረው እዚያ ነው። ጋሼ ዳኜ ይህን ከኔ ሲሰሙ ፍርሃታቸው ወደ ቁጣ ዞረ።

"ሶ፣ ልጄን ካርቶን የምታስቆርጫት አንቺ ነሽ?"

"አዎ ጋሼ። ሐሌታ ያንተ ናት? በጣም ጎበዝ እኮ ናት!"

አንቱታን ማንም አላስተማራትም። ጋሼ ዳኜም ለዛሬ አለፏት።

"ጎበዝ ብትሆን ክፍል ትደግማለች ይሉኛል? አስተማሪዋ አስጠርታ 'ማንበብ አትችልም' አለችኝ። ልጄ እኮ ቤት ስትሆን የወተቱን ካርቶን፣ የመድኃኒቴን ጠርሙስ ሳይቀር ታነብልኛለች! እዚያ ስትደርስ ምን ይነካታል? ይሄ የቀለም ጨዋታችሁ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ካንቺ ክፍል አወጣትና አስጠኚ ቱቶር እቀጥርላታለሁ። አለቀ።"

"እኔም አስተማሪዋን ጠይቄያት ነበር። 'ታነቢያለሽ?' ስትላት 'ኖ ታንክ ዩ' ነው የምትለው። ሁልጊዜ።"

"ታዲያስ! ጨዋ ልጅ ናት። አንገቷን ሰበር አድርጌ ነው ያሳደግኋት።"

"እኔ ጋ ግን ጅቡ ውስጥ ስትገባ ድምፅዋ ግድግዳ ያነቃንቃል።"

"ጅቡ ውስጥ!" ጋሼ ዳኜ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ባሕር ተሻግረን የመጣነው ልጆቻችን ሐኪም እንዲሆኑ ነው ወይስ ጅብ እንዲሆኑ? የሀብታም ልጅ ይሳል፤ ቢወድቅ የሚያነሳው አለው። የድሃ ልጅ ግን ሂሳቧን ትማር።"

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ጋሼ ዳኜ ያሸነፉ መስሎኝ ነበር። ዶርካስ ግን የጅቡን ጆሮ እያስተካከለች ረጋ ብላ መለሰች።

"ሀብታሞቹ ልጆቻቸውን ድራማና ሥዕል የሚያስተምሩት ሥራ ስላጡ ይመስልሃል? ልጃቸው ሰው ፊት ቆሞ እንዲናገር ነው። የኛዎቹስ ለምን ይቅርባቸው? ደግሞ ሂሳብ አልክ። ይሄን ጆሮ ለክታ፣ ለሁለት ከፍላ፣ ሌላኛውን እኩል ያወጣችው ሐሌታ ናት። የቴአትሩን ታሪክ ያመጣችውም እሷ ናት።"

"ምን የሚል ታሪክ?"

"ዓርብ ናና እይ።"

"አይ፣ ይቅርብኝ።"

"ኦኬ" አለች ዶርካስ። ምግቧን ተቀብላ፣ ጅቧን ይዛ ሄደች።

ጋሼ ዳኜ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፍተው ወደ እኔ ዞሩ።

"አየሃት? አንዴ ብላ ተወችው! ጥሪ እንዲህ ነው? 'እባክህ' የለ፣ 'በሞቴ' የለ!"

"መሄድ ይፈልጉ ነበር እንዴ?"

"እንዴት አልፈልግም! ልጄ እኮ ናት!"

ይህን ጊዜ አንድ ውሸት አስፈለገ፤ ውሸት ደግሞ ከኔ ዘንድ ጠፍቶ አያውቅም። "ጋሼ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ስምዎ ተለጥፏል። ካልመጡ ጅቡን ያስቀምጡበታል አሉ" አልኳቸው። ዓርብ ዕለት ካራቫታቸውን አስረው ከኔ ቀድመው አዳራሹ ደረሱ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከየአገሩ የመጣ ወላጅ፣ አንዳንዱ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። መጋረጃው ሲከፈት አንበሳው ድግስ ደግሷል። ሳህን ሙሉ ሥጋ ይዞ እየዞረ እንግዶቹን በእንግሊዝኛ "ትበላለህ?" ይላል። ቀበሮዋ በላች፤ ዝንጀሮው በላ። ጅቡ ጋ ሲደርስ ጅቡ አንገቱን ደፍቶ በቀጭን ድምፅ፣

"ኖ ታንክ ዩ፣ ጠግቤያለሁ" አለ።

አንበሳው አለፈው። ልጆቹ ከውስጥ ገመድ ሲስቡ የጅቡ የጨርቅ ሆድ ሟሸሸ። ሰው ሳቀ። አንበሳው ዳግመኛ ዞረ፤ አሁን ኬክ ይዟል። "ኖ ታንክ ዩ።" ሆዱ ጭራሽ ከጀርባው ተጣበቀ። ሰው ሁሉ ሲንከተከት ጋሼ ዳኜ ብቻ አልሳቁም፤ የካራቫታቸውን ቋጠሮ ይፈታሉ፣ መልሰው ያጠብቃሉ። በመጨረሻ አንበሳው አንዲት አጥንት ይዞ መጣ።

"ትፈልጋለህ?"

"ኖ ታንክ ዩ።"

ጋሼ ዳኜ ብድግ አሉ። በአማርኛ ጮኹ።

"ኧረ ድገምለት! ይሉኝታ ይዞት እኮ ነው! ሰው አንዴ ብቻ ይጠየቃል እንዴ?"

ያ ግዙፍ ራስ ቀስ ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ከውስጡም ጥርት ያለ የልጅ ድምፅ ወጣ።

"አባባ፣ እዚህ አገር አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁት! እኔ ክፍል ውስጥ ሁለተኛውን ስጠብቅ ያልፉኛል!"

ጋሼ ዳኜ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ሰው ቤት ስትሄጂ ሲሰጡሽ ቶሎ እጅ አትዘርጊ፣ እስኪለምኑሽ ጠብቂ ብለው ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ ደግሞ ንባብም እንደ ምግብ የሚቀርብ መስሏት፣ ዓመቱን ሙሉ ተጨንቃ ስትጠብቅ ኖራለች። ዶርካስ ራሷ ይህን አላወቀችም ነበር፤ እየሮጠች ሄዳ ለአስተማሪዋ ተረጎመችላት። አስተማሪዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጋሼ ዳኜ እንደገና ተነሱ።

"እንግዲያው በአንዴ ተቀበይ ልጄ! እኔ ፈቅጃለሁ!"

"ዬስ ፕሊዝ!" ብሎ ጅቡ አገሳና አጥንቷን ከነሳህኗ መነተፈ። ጭብጨባው እንዴት ነበር አትሉኝም? ዊልሻየር ጎዳና ላይ አውቶቡስ አስቁሟል። ሹፌሩ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎት ወርዷል።

ከዚያ አስተማሪዋ መጽሐፍ ይዛ ወደ መድረኩ ወጣች። "ታነቢልናለሽ?" አለቻት። ሐሌታ የጅቡን እግር እንደተጫማች "ዬስ ፕሊዝ" አለችና ወላጅ ሁሉ እየሰማ አንድም ቃል ሳትስት ገጹን አነበበችው። አስተማሪዋ ጋሼ ዳኜን እጃቸውን ይዛ፣ የመድገሙ ነገር ከእንግዲህ እንደማይነሳ ነገረቻቸው።

ጋሼ ዳኜ ወደ ዶርካስ ዞሩ።

"ቱቶሩ ቀርቷል። እኔ ለልጄ ትሕትና አስተማርኳት፤ የት የት እንደምታስቀምጠው ግን አላስተማርኳትም። እኔም አስተማሪዋም ያላየነውን ያንቺ ካርቶን አሳየን።"

"ካርቶኑ አይደለም ጋሼ፤ እሷ ናት። እኔ መናገሪያ ቦታ ብቻ ነው የሰጠኋት።"

እንግዲህ አንባቢዬ፣ በሙያው እንጀራ የሚበላ ሰው ስቱዲዮውን ዘግቶ ወደ ድሃ ልጆች ክፍል ሲሄድ ጊዜ የሚያባክን ከመሰለህ ያን አዳራሽ ማየት ነበረብህ። ያ አንበሳ የሆነው ልጅ እዚህ አገር ከመጣ ወዲህ ለማንም ተናግሮ የማያውቅ ነበር፤ አሁን ዝም በል ቢሉት እንኳ አይሰማም። ልጆቹ በቴአትሩ ቀን አይቀሩም፤ መለካትን ከጆሮ፣ ማንበብን ከጅብ ተማሩ። አስተማሪዋም አሁን 'ኖ ታንክ ዩ' ስትባል ቆም ብላ ደግማ ትጠይቃለች። ጋሼ ዳኜማ ያገኙትን ወላጅ ሁሉ ፓርኪንጉ ውስጥ አስቁመው "ልጅህን ቴአትር አስገባ!" ይላሉ፤ በእሳቸው ምክንያት የመኪና ሰልፉ እስከ ፒኮ ጎዳና ደርሷል።

በዚያው ዓርብ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ሐሌታ ኬክ በትሪ ይዛ መጣች። ጋሼ ዳኜ ጥያቄውን እንኳ ሳትጨርስ "ዬስ!" ብለው ሁለት አነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሽ ስዩም፣ ኬክ?"

"አይ፣ ይቅርብኝ የኔ እናት" አልኩ፣ ዓይኔን ከቸኮሌቱ ሳልነቅል።

ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ልክ እንደ ጅቡ ጥርሷን አሳየችኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።