አፈሬን ለማስመለስ የወረድሁ ዕለት

አንድ ክረምት ውሃ እንዳይተኛበት ብዬ በማሳዬ ላይ ቁልቁል የውሃ መውረጃ ፈሰስ ቀደድሁ። ውሃው ሄደ፤ አፈሬም አብሮት ሄዶ ከታች ባለው የጎረቤቴ የአያሌው ጥቁር መሬት ላይ ቀይ ሆኖ ተኛ። ለእኔ ድንጋዩ ቀረልኝ፤ የእሱ በቆሎ ከሰው ቁመት በለጠ። ነገር አላበዛሁም፤ አህያዬንና ጆንያ ይዤ ወረድሁ።

«ምን ልትጭን ነው?» አለኝ።

«አፈሬን።»

«በምን ታውቀዋለህ?»

«ቀዩ የእኔ ነው።»

«እንግዲያ ጥቁሩን እንዳትነካብኝ!» ብሎ እየሳቀ የጆንያውን አፍ ያዘልኝ።

ሦስተኛውን ጭነት ማሳዬ ላይ ሳራግፍ፣ ከበላዬ የሚያርሰው ጥሩነህ ሁለት አህያ እየነዳ መጣ።

«አፈር ይመለሳል ሲሉ ሰማሁ። የእኔም በየክረምቱ የሚወርደው አንተ ጋ ነው።»

«ከአንተ በላይስ ያለው መሬት የማን ነው?» አልሁት።

«የቤተ ክርስቲያኑ።»

«መጀመሪያ የእሱን መልስ።»

ሽቅብ ወደ ደብሩ አየ፤ አማተበና አህዮቹን አዞረ።

አሸነፍሁ ብዬ ሳልቀመጥ ዝናቡ ወረደ። ያንን ሁሉ አፈር መልሶ ለአያሌው አደረሰለት፤ ያውም ያለ አህያ።

በማግስቱ አያሌው ከታች ተጣራ፦ «ዛሬም ጆንያ ልያዝልህ ወይ?»

እኔ ግን ፈሰሱን በድንጋይ እየደፈንሁ ነበር።