የስንዴዋ መርከብ

እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሌሊሴ በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ላይ፣ ባሕር የሚባል አይተን ሳናውቅ፣ እነሱ ቤት በረንዳ ላይ መርከብ ስናሰምጥ እንውል ነበር። እያንዳንዳችን ባለካሬ ወረቀት ላይ መርከቦቻችንን ደብቀን እንስልና በፊደልና በቁጥር እየጠራን እንተኩሳለን። ጨዋታው የጦር መርከብ ብቻ ነበረው፤ የነጋዴ መርከብ የጨመረችበት ሌሊሴ ናት። የጨው፣ የላምባ፣ የስኳር፣ የስንዴ። የጨው መርከብ ያሰመጠች ምሳዋን ያለ ጨው ትበላለች፣ ሕጉ ይኸው ነው። እንዴት እንስቅ ነበር! ታላቅ ወንድሟ ገመቹ አሰብ ወርዶ ስንዴ በሚያመላልስ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ስለነበር፣ የስንዴዋን መርከብ ሁልጊዜ ጥግ ላይ፣ ሀ አንድ ውስጥ ነበር የምትሸሽጋት።

አንድ ክረምት የገመቹ ወሬ ጠፋ። እናቱ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም ጥጉን እየተውኩ ባዶ ባሕር ላይ መተኮስ ያዝኩ። «መ አምስት!»

«ሳትሽ። ማል ጎታ? ምን እያደረግሽ ነው? የት እንዳለች ታውቂያለሽ እኮ!»

«ረሳሁት።»

«ውሸታም! ያዘንሽለት ሞቷል ብለሽ ነው፣ አይደል?»

እውነቷን ነበር። በልቤ ቀብሬው ነበርና፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

«ተኩሺ!» አለችኝ።

«ሀ አንድ» አልኩ ቀስ ብዬ።

እርሳሷን አንስታ መርከቧን ሰረዘቻት። «ሰመጠች» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን እያየች፣ «ገመቹ ግን ዲዴሳን በዋና የሚሻገር ልጅ ነው።»