ቆሞ የሚታይ ሥዕል

ፌስቡክ ላይ ገጽ አለኝ። ላሊበላ ዙሪያ ዓይኔን የያዘውን ሁሉ እለጥፍበታለሁ፤ ተሰንጥቆ በክር የተሰፋ ቅል፣ ከእንጨት የተሠራ የበር ቁልፍ፣ ምኑ ቅጡ። አንድ ቀን ተራራው አናት ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ገዳም ወጣሁና ቄሱ ፈቅደውልኝ የእመቤታችንን የቆየ ሥዕል በስልኬ አነሳሁ። ስመለስ ጎረቤታችን እማሆይ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ ያንን ተራራ ወጥተው አያውቁም። "እስቲ ይቺን ይዩልኝ" ብዬ ስልኩን ዘረጋሁላቸው።

አልተቀበሉኝም። መጀመሪያ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ እያቃሰቱ ተነሡ። እጅ ነሡ። ከዚያ ስልኩን ተሳለሙና በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።

"ምነው ልጄ፣ ያለ መጋረጃ ይዘሃት ትዞራለህ?"

"ለሰው ላሳያት ብዬ ነው፣ እማሆይ።"

"አሳይ። ግን ተነሡ በላቸው።"

ሥዕሏን ስለጥፍ ከላይ "ከማየታችሁ በፊት ተነሡ" ብዬ ጻፍኩ። ይቀልዱብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ የማላውቀው ሰው "ቢሮ ነኝ፤ ተነሥቻለሁ" አለ። ከሥሩ ሌላው "እኔም ቆሜያለሁ" አለ፤ ከዚያም ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። አፌን ከፍቼ ሳነብ ቆየሁና ድንገት ራሴን አየሁት፤ ለካ እኔ ቁጭ ብያለሁ። ብድግ አልኩ።