የመክሊት ብስክሌትና የጋሽ ይስማው ትራክተር

ጋሽ ይስማው ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ፣ ከኮኪት ወዲህ ባለ የሰሊጥ እርሻ አንድ ትራክተር ጠግነው፣ ሞተሩን ለመሞከር እየነዱት ሲመለሱ፣ በአስፋልቱ ዳር ብስክሌት እየገፋች የምታነክስ ሴት አዩ። ሲቀርቡ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ውባንች ልጅ፣ የስፖርት አስተማሪዋ መክሊት ናት። ብስክሌቱን ያበጁላት እሳቸው ነበሩና ደንግጠው ቆሙ።

«ምነው ልጄ? ጋላቢ መስለሽኝ ነበር፤ ለካ በቅሎ ጎታች ነሽ!»

«ጎማው ፈነዳ ጋሼ። ጉልበቴም ተራውን እየጠበቀ ነው።»

መክሊት እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከመተማ ዮሐንስ ተነሥታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎንደር መግባት አለባት። የጎንደር ብስክሌት ቡድን መምረጫ ነው፤ ከገባች ቡድኑ ይቀበላታል፤ ካልገባች የሚቀጥለው ምርጫ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ለልምምድ ወጥታ ግን አርባ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላላትም።

«ቅር እንዳይልዎ እንጂ፣ ብስክሌቱን እንደገና ብናበጀው ምን ይመስልዎታል?»

የጋሽ ይስማው ፊት ጠቆረ። ሦስት ቀን የለፉበት ሥራ ነው! ኮርቻውን እግሯ መሬት እንዲረግጥ ዝቅ አድርገዋል፤ ጎማውን እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር ነፍተዋል፤ ማርሾቹን ፈትተው አንድ ብቻ አስቀርተዋል።

«ምኑ ነው የሚበጀው? ብረት ሲበዛ ብልሽት ይበዛል ብዬ ጣጣውን ሁሉ አራገፍሁልሽ። እዚህ አገር ስንቱ ነው በአንድ ማርሽ ማሽላ ጭኖ ሲመላለስ የኖረው? እናንተ የተማራችሁ ደህናውን ካልነካካችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም።»

ስሕተቱ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ቆላ ያለ ሰው ሁሉ ብስክሌት ሲገዛ ብረቱን አንኳኩቶ፣ ቀለሙን አድንቆ ይገዛል እንጂ የሚነዳውን ሰው እግር አይለካም። ጫማ ሳይለካ የሚገዛውን ሞኝ እንለዋለን፤ ቀኑን ሙሉ የምንቀመጥበትን ዕቃ ግን በግምት እንሸምታለን። ኋላ ጉልበት ሲታመም ደግሞ «ብስክሌት ሰው ይጨርሳል» ብለን በዕቃው እናሳብባለን። ማፈር የነበረብን እኛ ነን!

መክሊት ግን አልተቆጣችም።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ጭነት ሲጎትቱ ትራክተሩን በስንተኛ ማርሽ ያወጡታል?»

«በአንደኛ ነዋ! ይኼም ጥያቄ ሆኖ?»

«ሜዳ ላይስ?»

«ሜዳውንም በአንደኛ የሚነዳ የናፍጣ ጠላት ነው።»

«ታዲያ እኔ ከዚህ ቆላ እስከ አይከል ያለውን ዳገትም ሜዳም በአንድ ማርሽ ልዝለቀው? ሞተሬ እኮ ጉልበቴ ነው፤ ናፍጣዬም ቁርሴ።»

ጋሽ ይስማው ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ።

«ማርሹስ ይሁን። ጎማው ምን በደለሽ?»

«በዚህ ሐሩር፣ በጠጠርና በጉድጓድ ላይ፣ ያን ያህል የጠጠረ ጎማ ወይ ሲያነጥረኝ ይውላል ወይ ይፈነዳል። እርስዎስ ትራክተሩ ጥቁር አፈር ሲገባ አየር አያስቀንሱም?»

«አስቀንሳለሁ፤ መሬቱን እንዲጨብጥ።» ድምፃቸው ዝግ አለ። «ኮርቻውን ግን አልነካም። እግርሽ መሬት ካልደረሰ ትወድቂያለሽ። እናትሽን ምን ልላት ነው?»

«ስቆም እወርዳለሁ። ኮርቻው የሚለካው አሥራ ሁለት ሰዓት ለምነዳው ነው ወይስ አንድ ደቂቃ ለምቆመው? እስቲ ይቀመጡበት።»

ብስክሌቱን ከትራክተሩ አስደግፋ ያዘችላቸው። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲያዞሩ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ወጣ፤ አምስት ጊዜ ሳያዞሩ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ከዚያ በራሳቸው መፍቻ ኮርቻውን ከፍ አደረገችው።

«አሁን ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ይዘርጋ። ሲነዱ በእግርዎ የፊተኛው ክፍል ስለሚረግጡ ጉልበትዎ ጥቂት ይታጠፋል፤ ልኩ ያ ነው።»

ጋሽ ይስማው አዞሩ፤ ደግመው አዞሩ። ሠላሳ ዓመት ወደ ጋራዣቸው የተመላለሱት በእንዲያ ያለ ዝቅተኛ ኮርቻ ነበር።

«እኔ ይህን ጉልበት እርጅና ነው እያልሁ ቅቤ ሳሸው ኖርሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ነይ ብስክሌቱን ትራክተሩ ላይ ጫኚው፤ ዛሬውኑ እንፈታዋለን።»

ማርሾቹ ተመለሱ። ሰፋ ያለ ጎማ ተገጠመ፤ የግራር እሾህ እንዳይበሳውም ከውስጡ የአሮጌ ካላማዳሪያ፣ የውስጥ ጎማ፣ ቁራጭ አነጠፉለት። ከኋላ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ የነበረው የውኃ ጀሪካን ቀርቶ፣ ሁለት ኮዳ ከብስክሌቱ መሀል ላይ ታሰረ።

እሑድ ወደ ማታ፣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ የጋሽ ይስማው ስልክ ጮኸ።

«ጎንደር ገባሁ ጋሼ!»

«ፀሐይዋስ?»

«ጎንደር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።»

«እሰይ! ጉልበትሽስ?»

«ነገ ብመለስበትም እሺ ይላል።»

ስልኩን ዘግተው ጋራዣቸው በር ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ዞረው አዩአቸው። ልክ ያለው ዕቃ ከሰው ጉልበት ላይ አይበደርም፤ ሰነፍ ያሉትን ያበረታል፤ ሩቁን ያቀርባል። ይህን ለማግኘት አዲስ ብስክሌት መግዛት እንኳ አላስፈለገም፤ አንድ መፍቻና እልኩን የሚተው ሰው በቅቷል።

«ዘሩ፣ ብስክሌትህን አምጣ» አሉ ከተቀመጡት አንዱን።

«ምን ሆነና? ደህና ነው እኮ።»

«እሱ ደህና ነው፤ የምትታመመው አንተ ነህ። ውጣና ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግ።»